አስነጋሪ ፍለጋ

ቃሊቲ ላደገ ልጅ «ወርክሾፕ» ማለት የብረት ሽታ ነው። ከቶርኖ ሥር የሚጠቀለል የብረት ፍቅፋቂ፣ ዓይን የሚወጋ የብየዳ ብርሃን፣ ግሪስ የጠጣ ሰማያዊ ቱታ። ባደግኩበት ሠፈር ከአንድ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጎረቤት ነበሩን። ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ ባቆሟት ቶርኖ ቤት ሁለት ሦስት ረዳት ያሠሩ ነበር። ረዳቱ ጨረስኩ ብሎ ያመጣውን ዕቃ በካሊፐር ይለኩታል፤ ከልኩ ትንሽ ካለፈ ምንም ሳይናገሩ መልሰው እጁ ላይ ያስቀምጡለታል። ልጁ ሄዶ እንደገና ያስረዋል፣ ይልጠዋል፣ ይዞት ይመጣል። ሦስቴ አራቴ የሚመለስበት ቀን ነበር። ሙያውን የተማረው በዚያ መመለስ ነው እንጂ እሳቸው ስለ ብረት ንግግር ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

ልብ ወለድ መጻፍ የሚማሩበት መሰብሰቢያም በሰው አገር በዚሁ በብረት ቤቱ ስም ይጠራል፤ ስሙ እኛም ዘንድ ገብቷል። «ዐውደ ጥናት» ብለው የተረጎሙት አሉ፤ ዐውደ ጥናት ግን በአማርኛችን ምሁራን ጥናት የሚያቀርቡበት ጉባኤ ነው። አብዛኛው ሰው «ሥልጠና» ይለዋል፤ ሥልጠና ደግሞ አንዱ ተናግሮ፣ ሌላው ማስታወሻ ይዞ፣ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅ ነገር ሆኗል። በሁለቱም ቃላት ውስጥ መመለሱ የለም። እኛ ግን ለዚህ ሥራ ከማንም ያልተዋስነው የቆየ ቃል አለን። ጀማሪው የሠራውን በቃሉ ይዞ ለአዋቂ የሚያሰማበት ሰዓት በቅኔ ቤት «ነገራ» ይባላል። ቁጭ ብሎ የሚሰማው፣ የሚያርመውና የሚመልሰው ሰው «አስነጋሪ» ነው። በአገራችን ድርሰት የሚማሩበት ተቋም ታሪክ ለእኔ የዚህ ሰው ታሪክ ነው፦ በየዘመኑ በማን ቤት እንደተጠጋ፣ ከየት እንደጠፋ፣ የት ደግሞ ሳይጠበቅ እንደተገኘ።

በቅኔ ቤት ቀኑ የሚከፈለው በዚህ ሥራ ነው። ተማሪው ከጎጆው ወጥቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ብቻውን ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ እዚያ መቁጠር ማለት መፍጠር ነው። ጀማሪ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና አፉን ይፈታል፣ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፣ እያለ እያለ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ወረቀት የለም። የቆጠረውን በልቡ ይዞ አስነጋሪው ፊት ይቀርባል። አስነጋሪው ብዙ ጊዜ ከመምህሩ በታች ያለ፣ ራሱም ገና በመማር ላይ ያለ የበሰለ ተማሪ ነው። ቤቱ ከጎደለ፣ ዜማው ከሰበረ፣ ሰሙ ወርቁን መሸከም ካቃተው ያስቆመዋል፤ ተማሪው አፍርሶ ይሠራዋል። ኋላ መምህሩ ራሳቸው ቅኔ ሲዘርፉ ደቀ መዝሙሩ የአዋቂ አእምሮ እንዴት እንደሚራመድ በጆሮው ያያል። አንዴ የተባለ ቅኔ ተመልሶ አይባልምና ለነገ ሌላ ያስፈልጋል። በዋሸራም በዋድላም በጎንጅም ያለው ልማድ በመንገድ ይለያይ እንጂ ሥሩ ይኸው ነው፤ በየቀኑ ትሠራለህ፣ በየቀኑ የሚሰማህ ሰው አለ።

ይህ ቤት ልብ ወለድ አላስተማረም። ቋንቋው ግዕዝ ነው፤ ጉዳዩም ሃይማኖት። ሴቶች የገቡበት በጥቂቱ ነው፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ፣ ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ ዘርፈው ወንዱን ሁሉ ያስተማሩ መምህርት መኖራቸው ግን ቤቱ ምን ያህል ሰው ሊያወጣ ይችል እንደነበር ያሳያል። ልብ ወለድ ባያስተምርም ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎችን ጆሮ አንጿል። ሀዲስ አለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ሰው ናቸው። ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚያው ከደብረ ኤልያስ ነው። መንግሥቱ ለማ የአለቃ ለማ ልጅ ሆኖ በቅኔ መሀል አደገ። በ1958 ዓ.ም የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ሳነብ ሰዎቹ ሲነጋገሩ የምሰማው ልክ፣ አንድም ቃል ያለቦታው እንዳይውል የሚደረገው ጥንቃቄ፣ አስነጋሪ ፊት ቆሞ «አልሆነም፣ ተመለስ» የተባለ ሰው ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ግን የተጻፈው ከዚህ ጉባኤ ርቆ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ዛሬ ጦቢያ የምንለውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ሲያሳትሙ በዙሪያቸው አማርኛ የሚያነብ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ርዕሱን «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ዘርፉ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የኛ ልብ ወለድ ስሙን እንኳ ያገኘው በባዕድ አገር፣ ብቻውን በተቀመጠ ሰው ጠረጴዛ ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ከዚያ በኋላ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም ተቋቋመ፣ መጻሕፍት በረከቱ፣ ከጸሐፊዎቹም ብዙዎቹ የመንግሥት ሹማምንት ነበሩ። ረቂቃቸውን ያነበበላቸው ቢኖር ወዳጅ ወይም የሥራ ባልደረባ ነው። ለጀማሪ በሩ የተከፈተ ቤት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ቤት ብልጭ ያለው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም ከተከፈተ በኋላ ተማሪዎች የኮሌጅ ቀን የሚሉትን በዓል ሲያከብሩ በግጥም ይወዳደሩ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱና ሹማምንቱ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። በ1953 ዓ.ም ታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ሲያነብ የአዳራሹ አየር ተለወጠ፤ ባለሥልጣናቱም ተቆጡ። የኮሌጅ ቀን ትልቅ ነገር ሠርቷል፦ ጽሑፍ በሕዝብ ፊት ቆሞ እንዲደፍር አድርጓል። ነገር ግን ጭብጨባ እርማት አይደለም። መድረክ ወጣቱ የጨረሰውን ይቀበላል፤ ያልጨረሰውን አያይለትም። ኋላ ላይ የተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማዕከል፣ ዛሬ የባህል ማዕከል የምንለው፣ የተማሪ ጸሐፊዎች ምሽት መጠለያ ሆኖ ትውልድ ሲያሳድግ ኖሯል። እዚያም ቢሆን የተሻለው ትምህርት ከመድረኩ ከተወረደ በኋላ በረንዳ ላይ የሚደረገው ጨዋታ እንደሆነ የቆዩበት ሁሉ ይናገራሉ።

ከዚያ ትውልድ መሀል ዳኛቸው ወርቁ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ሁለቱን ቤቶች፣ የኛንና የባዕዱን፣ በአንድ ሕይወት ውስጥ የማየው በእሱ ነውና። ዳኛቸው የደብረ ሲና ልጅ ነው። በ1962 ዓ.ም አደፍርስን አሳተመ፤ አንባቢ ከለመደው አተራረክ የወጣ፣ ብዙ ድምፅ እርስ በርሱ የሚጋጭበት ከባድ መጽሐፍ። በዚያው በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዓለም ዙሪያ ጸሐፊዎችን የሚሰበስበው ፕሮግራም ተሳታፊ ሆነ።

አዮዋ ለዚህ ታሪክ ዋና ከተማው ነው። በበቆሎ እርሻ መሀል ያለ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1936 ድርሰት የሚማሩበት የድኅረ ምረቃ ወርክሾፕ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ገጣሚው ፖል ኤንግልና ቻይናዊቷ ደራሲ ኒየ ኋሊንግ ለውጭ አገር ጸሐፊዎች ዓለም አቀፉን ፕሮግራም መሠረቱ። በወርክሾፑ አሠራር ጀማሪው ታሪኩን አባዝቶ አስቀድሞ ለጓደኞቹ ያድላል፤ አንብበው ይመጣሉ፤ ጠረጴዛ ከበው ሲነጋገሩ ደራሲው ዝም ብሎ ይሰማል። «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ማለት አይፈቀድለትም፤ መጽሐፉ ገበያ ሲወጣ አብሮት ሄዶ ለአንባቢው አያስረዳምና። ፍላነሪ ኦኮነር የወጣችው ከዚህ ጠረጴዛ ነው፤ ብዙ የዓለም ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ መልክ ቀድቷል።

ከነገራ ጋር ሳስተያየው በሁለት ነገር ይለያያሉ። በቅኔ ቤት ሠሪው ራሱ በአንደበቱ ያሰማል፣ የሚያርመውም አንድ አዋቂ ነው፤ በአዮዋ ሠሪው አፉን ይዘጋል፣ የሚያርሙትም እኩዮቹ ናቸው። አንዱ ሥልጣን ያለው ጆሮ ይሰጥሃል፣ ሌላው ብዙ ዓይን። ለልብ ወለድ የትኛው ይሻላል ብባል ሁለቱም አንድ ላይ እላለሁ፤ አንድ አዋቂ ብቻ ከሆነ እጁን ትወርሳለህ፣ እኩዮች ብቻ ከሆኑ ደግሞ የሁሉም አስተያየት ተደምሮ ታሪክህን ከሁሉም ጋር ያመሳስለዋል።

ዳኛቸው ከዚያ ዘመኑ ጋር የሚያያዝ አንድ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፏል፤ ስሙ ሲመለስ «ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ሃይነማን በአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ ውስጥ አሳተመው። አንድ የታመሙ ፊታውራሪ ጸበልና ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ይጓዛሉ፤ ልጆቻቸው አብረው ናቸው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከቱሉ ዲምቱ ወደ ደቡብ ለተመለከተ ዝቋላ ሰማያዊ ጉብታ ሆኖ ይታያል። አዮዋ የደረሰ የሸዋ ሰው ይዞት የሄደው ጉዳይ ከኛ ደጅ የሚታየው ተራራ ነበር። ወርክሾፕ ጉዳይ አይሰጥም፤ ይዘህ የመጣኸውን እንድትሠራው ያስገድድሃል።

በ1977 ዓ.ም «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ ሲያወጣ ያየውን ለአገሩ ልጅ በአማርኛ ለማካፈል ነበር። ከዚያ በፊት ደበበ ሰይፉ ስለ ተውኔት አጻጻፍ፣ ከዚያ በኋላ በ1992 ዓ.ም ዘሪሁን አስፋው በ«የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» የጻፉት ተጨምሮ ጀማሪ የሚይዘው መጽሐፍ አገኘ። እነዚህን መጻሕፍት በፎቶ ኮፒ አንብቤያቸዋለሁ፤ ባለውለታዎቼ ናቸው። መጽሐፍ ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም።

በደርግ ዘመን ተቋሙ በሁለት አቅጣጫ ተጎተተ። በአንድ በኩል በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንባቢ አበዛ፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጻሕፍት አወጣ፤ ልብ ወለድ በሬዲዮ ተተረከ፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያነብ የሰማ ሰው ዛሬም የመጽሐፉን በዛብህን በዚያ ድምፅ ነው የሚያስታውሰው። (የኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፅ መጀመሪያ አየር ላይ የወጣው በ1927 ዓ.ም ከዚሁ ከአቃቂ ጣቢያ መሆኑን ሳስብ ሠፈሬ ለተረት እንግዳ አይደለም እላለሁ።) በሌላ በኩል በየቀበሌውና በየፋብሪካው የኪነት ቡድን ነበር። አቃቂ የፋብሪካ ሠፈር ናትና ኪነት እዚህ የሥራ አካል ነበር። ጭብጨባውና መፈክሩ ብዙ ነበር፤ ቢሆንም ከፈረቃ በኋላ ሰብሰብ ብሎ ጭውውት መድረስን፣ የጓደኛን ቃል ማረምን ሠራተኛው የተማረው እዚያ ነው። ይህን መናቅ አይገባም።

ያን ዘመን ያጎደለው ሳንሱር ነው። በሳንሱር መሥሪያ ቤት ያለው አንባቢ ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፣ ያሰምርበታል፣ ይመልሰዋል። ሥራው ከውጭ ሲያዩት የአስነጋሪን ይመስላል። አስነጋሪ ግን የሚመልስህ ቃልህ እንዲበረታ ነው፣ ሳንሱር እንዲደክም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም ኦሮማይን በኩራዝ አሳትሞ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም በ1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጀማሪው ረቂቁን ለማያውቀው ሰው ከማሳየት ትራሱ ሥር መደበቁን መረጠ። አስነጋሪ በመተማመን የሚኖር ሰው ነው፤ መተማመን ሲሄድ አብሮ ሄደ።

አስነጋሪው መልሶ የተገኘው ማንም ባልጠበቀበት ቦታ ነው። ገጣሚው ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ እጁ ገባ። ወረቀት ስላልነበረ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣው ወረቀት ላይ ተረጎመው፤ 3,000 ያህል ቁራጭ ሆነ። በየጊዜው የሚፈቱ እስረኞች ይዘውለት ወጡ፤ ከተፈታ በኋላ ከየቤቱ እየዞረ ሰበሰበው፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ሆኖ ታተመ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጽናት ነው። እኔን የሚይዘኝ ሌላው ገጽታው ነው፦ በዚያ ክፍል ውስጥ ታሪኩን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። የአሜሪካ ደቡብ ሴት በአማርኛ ስትናገር ያምናሉ ወይስ አያምኑም? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ጆሮ እዚያው አጠገቡ፣ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር።

እስር ቤቱ ኋላ ወደኛ ሠፈር መጣ። ዓለም በቃኝ የሚባለው የድሮ ወኅኒ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ሲቆም እስረኛው ወደ ቃሊቲ ወረደ፤ ቀጥሎ ቂሊንጦም ተጨመረ። በየሳምንቱ ስንቅ የያዙ እናቶች ከታክሲ ሲወርዱ እያየን አደግን። በዚያ ግንብ ውስጥ መጽሐፍ ተጽፏል። ፖለቲከኛው አንዷለም አራጌ «ያልተሄደበት መንገድ»ን የጻፈው እስር ላይ ሆኖ ነው። ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ቃሊቲ ታስረው ከወጡ በኋላ ስለዚያው 438 ቀን መጽሐፍ ጽፈዋል። ዞን ዘጠኝ የተባሉት ወጣት ጦማርያን ስማቸውን ያወጡት ከቃሊቲ ነው፤ እስር ቤቱ 8 ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ውጭ ያለነው ነን ከሚል። በ2006 ዓ.ም ራሳቸው ታሰሩ። ከመሀላቸው በፍቃዱ ኃይሉ ከዚያ ቀድሞ ለወጣቶች በሚጻፍ ልብ ወለድ የበርት ሽልማት ያገኘ ደራሲ ነው። እስር ቤት የጽሑፍ ትምህርት ቤት ነው የሚል ጉራ አልወድም፤ የሰው ዕድሜ የሚበላ ቦታ ነው። ማለት የምፈልገው ሌላ ነው፦ ረጅም ሌሊት፣ ጥቂት ወረቀትና አጠገብህ ከመስማት በቀር ሌላ የሌለው ሰው ሲገናኙ ነገራው ራሱን መልሶ ያቋቁማል። ነፃ በሆንንበት በዞን ዘጠኝ ለምን ይህን ያህል ቸገረን?

ሳንሱር በ1985 ዓ.ም የፕሬስ አዋጅ ሲነሣ በር ተከፍቶ ነበር። ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ፤ አጭር ልብ ወለድና ግጥም የማያወጣ ጥቂት ነበር። ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ የወጣው አዲስ አድማስ ደግሞ፣ ነቢይ መኰንን በአዘጋጅነት ለረጅም ዘመን የቆየበት፣ ቅዳሜን የንባብ ቀን አደረገው። እኔና ጓደኞቼ አጭር ታሪክ በዥጉርጉር እስክሪብቶ ገልብጠን በፖስታ እንልክ ነበር። ሳይወጣልን ሲቀር የወጣለትን ልጅ ታሪክ ከኛው ጋር አስተያይተን የት እንደሳትን እንፈልጋለን። ዝምታም መመለስ ነው፤ ግን ዲዳ መመለስ። በከተማው ሌላ ጫፍ ዕድለኞቹ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ከበው ይቀመጡ ነበር። ስብሐት ጽሕፈት ቤት፣ መርሐ ግብር፣ ምስክር ወረቀት አልነበረውም፤ ለወጣት ግን ጊዜ ነበረው። በ2004 ዓ.ም ሲያርፍ አንድ ደራሲ ብቻ ሳይሆን አንድ ጉባኤ ቤት ተዘጋ።

ሥልጠና የምንለው መልክ የበረከተው ከዚህ ወዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ለጀማሪዎች የአጭር ልብ ወለድና የግጥም ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ኮድ ኢትዮጵያ ለልጆችና ለወጣቶች የሚጽፉትን ያሠለጥናል። የመጻሕፍት ውይይት በወመዘክር አዳራሽ፣ ግጥም በጃዝ በራስ ሆቴል ሰው ሰብስቧል። ይህ ሁሉ በጎ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቀን የደረሰብኝን ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለጀማሪ ጸሐፊዎች የሦስት ቀን ሥልጠና ጠርቶ ከአቃቂ ስድስት ሆነን ሄድን። «ታሪካችሁን ይዛችሁ ኑ» ተብለን ነበር። ታሪኮቻችን በመጀመሪያው ጧት በአንድ ፋይል ተሰበሰቡ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መቼት፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ ሴራ ጥሩ ትምህርት ሰማን። በመጨረሻው ቀን ምስክር ወረቀት ተሰጠን፣ ፎቶ ተነሣን። ፋይሉን የሚያውቅ ሰው ብንጠይቅ አልተገኘም። ከስድስታችን አንዷ ሌላ ቅጂ አልነበራትም፤ በእጅ የጻፈችው 40 ገጽ እዚያው ቀረ። ተመልሳ አልጻፈችም። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ታሪኩ መጥፋቱ ብቻ አይደለም፣ ማንም ሳያነበው መጥፋቱ ነው።

ስለ ንግዱ ደግሞ ማንም አላስተማረንም። በኛ አገር ልብ ወለድ ጽፎ የጨረሰ ሰው ወዲያው ነጋዴ መሆን አለበት፤ ከጥቂቶች በቀር ደራሲው ራሱ አሳታሚ ነውና። ብድር ይፈልጋል፤ ለማተሚያ ቤት ቀብድ ይከፍላል፤ የወረቀት ዋጋ ውሉ ሳይደርቅ ሲጨምር ያያል፤ ሽፋን ያሠራል፤ ለአከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ቀንሶ ይሰጣል፤ ያከፋፈለው መጽሐፍ ገንዘብ እስኪመለስ ይመላለሳል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም ወጥቷል፤ መጽሐፉ ግን በተመረቀ ማግስት ተቃኝቶ ቴሌግራም ላይ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሁሉ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያ መጽሐፉን ካርቶን አልጋ ሥር ደርድሮ ሁለተኛውን ሳይጽፍ ይቀራል። አንድ ሰው የመጽሐፉን ሂሳብ ከመጻፉ በፊት እንዲማር ለምን እንደማይደረግ አይገባኝም።

ለእኔ የንግዱ መምህር ቃሊቲ መናኸሪያ የቆመ አዟሪ ነው። ክንዱ ላይ እስከ አገጩ ደርድሮ አውቶቡስ ውስጥ የሚገባው ልጅ የትኛው ርዕስ ከሐዋሳ ተሳፋሪ እጅ እንደሚገባ፣ ስንት ገጽ ለረጅም መንገድ እንደሚበቃ፣ ሰው መጽሐፉን ገልብጦ የጀርባውን ጽሑፍ ሲያነብ የት ላይ እንደሚያቆም ያውቃል። አንዴ ሽፋን ላይ ያለችውን ሴት ፎቶ አሳይቶኝ «ይቺን ሦስት ደራሲ ተጠቅሟታል፤ አሁን ሰው ያነበበው እየመሰለው ይመልሰዋል» አለኝ። በየትኛውም አዳራሽ እንዲህ ያለ ትምህርት አልሰማሁም። በሙያው የሚከበር እንግዳ ሆኖ በየሥልጠናው መጠራት ያለበት እሱ ነው።

ከሥልጠናው ከተመለስን በኋላ የቀረነው አምስት ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት መሰብሰብ ጀመርን። አንድ ትምህርት ቤት ድሮ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጅነቴ የማውቃትን ክፍል ቁልፍ ሰጠን። ሕጉ ከሁለቱም ቤት የተወሰደ ነው። ኮፒ ማባዛት ውድ ስለሆነ እንደ ቅኔ ቤቱ ባለቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አንብቦ ሲጨርስ እንደ አዮዋ ዝም ይላል። አንድ ሰው በተራ አስነጋሪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ከተናገሩ በኋላ የሚፈርደውና ሥራውን የሚመልሰው እሱ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ታሪክ መጠየቅም ግዴታው ነው። አዲስ ታሪክ ይዞ መጥቶ ከአሮጌው ማምለጥ የለም። ከዚህ የተነሣ የቀሩ አሉ፤ ሰው ምስጋና ለምዶ «ያንኑ አምጣ» መባል ይከብደዋል። ሌሎችም እየተጨመሩ የጸኑት አሁን ዐሥራ አንድ ናቸው፦ አስተማሪ፣ የታክሲ ረዳት፣ ሁለት የማታ ተማሪዎች፣ ነርስ፣ የተቀሩት የፋብሪካ ልጆች።

ከፋብሪካ ልጆቹ አንዷ የማታ ፈረቃ የምትሠራ ናት። ታሪኳ አንዲት ሠራተኛ ማሽን ላይ ሳለች የእናቷን ሞት በስልክ ስትሰማ ነው። በመጀመሪያ ያነበበችልን ጊዜ ልጅቷ ትጮሃለች፣ ሁሉም ይከብቧታል፣ ሁሉም ያለቅሳሉ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ዓይኑ እንባ ሞላ። የዕለቱ አስነጋሪ ግን ከፋብሪካ የመጣ ልጅ ነበር። «በዚያ ድምፅ ውስጥ ብትጮህ ማን ይሰማታል?» አለና መለሰላት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ልጅቷ አልጮኸችም፤ ወደ ሽንት ቤት ሄዳ አለቀሰች። ነርሷ «ስልክ ይዞ መግባት ይፈቀዳል እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ አይፈቀድም። ተመለሰ። በሦስተኛው፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ስልኩ ቀርቶ ነበር። ተቆጣጣሪው መጥቶ ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ የሚለው አይሰማትም፤ እሷም የሰማች መስላ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሱ ይሄዳል፤ ክሩ ይበጠሳል፤ ጎንበስ ብላ ትቋጥረዋለች። አንብባ ስትጨርስ ማንም ቶሎ አልተናገረም። ውጭ የምሽቱ ቀላል ባቡር ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የዕለቱ አስነጋሪ እኔ ነበርኩ፤ ምን እንደምል እያሰብኩ ሳለ እሷ ወረቀቶቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ገና ነው፤ የክሩን ቀለም አላገኘሁትም» አለች።